እህል ገዝቶ ለጥሬ ምግብ ማብቀል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጾም ሲቃረብ ስለ በቆልት የሚጠይቀኝ ሰው ይበዛል። አብዛኛው ጥያቄ ስለ ማብቀሉ ነው፤ ስንት ሰዓት ይዘፍዘፍ? በቀን ስንቴ ይታጠብ? እሱ ቀላሉ ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ግዢው ነው። ያረጀ ወይም የተበላሸ እህል ማንም ባለሙያ ቢይዘው አይበቅልም። አንዳንዱ እህል ደግሞ ቆንጆ ሆኖ ቢበቅልም ጥሬውን አይበላም። ስለዚህ መልሶቼ ገበያው ላይ ረዘም ይላሉ።

ለጀማሪ የትኛው እህል ይሻላል?

ምስር። ድፍኑ፣ ከነልባሱ። ማታ ዘፍዝፋችሁት ብታድሩ በማግስቱ ማታ ጫፉ ነጣ ብሎ ታዩታላችሁ። በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ለመብላት ይደርሳል። ጣዕሙም ለስለስ ያለ ስለሆነ ልጆች እንኳ አይጠሉትም (ለትንንሽ ልጆች ጥሬውን ስለ መስጠት ከታች የጻፍኩትን አንብቡ)።

ከምስር ቀጥሎ ማሾ ነው። ሸዋ ሮቢትና አካባቢው፣ እንዲሁም ደቡብ ወሎ ቃሉ በደንብ ያመርቱታል። አብዛኛው ወደ ውጭ ስለሚላክ አዲስ አበባ ላይ በየሱቁ አይገኝም፤ እህል በረንዳ ግን ጠይቃችሁ አታጡትም። ስንዴ ሦስተኛ ነው። ሽምብራ አራተኛ። ሽምብራ ውሃ ይጠጣል፣ ቶሎም ይሸታል፣ ስለዚህ እጃችሁ ሲለምድ ሞክሩት።

ገበያ ላይ ምን ምን ልይ?

መጀመሪያ እጃችሁን ከጆንያው ውስጥ ጠለቅ አድርጋችሁ ዝገኑ። ላይ ላዩ ሁልጊዜ የተመረጠው ነው። ከታች ያወጣችሁትን መዳፋችሁ ላይ ዘርጉና አሽትቱ። የሻጋታ ወይም የጓዳ እርጥበት ሽታ ካለው ዋጋው ቢረክስም ተዉት። አንድ ፍሬ በጥርሳችሁ ስበሩ። ደረቅ እህል ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ከላላ እርጥበት አለው ማለት ነው።

ከዚያ የነቀዝ ቀዳዳ ፈልጉ። ነቀዝ የገባበት ፍሬ ብዙ ጊዜ ውስጡ ተበልቷል። ባይበቅል እንኳ ጉዳቱ ትንሽ ነበር። ግን ውሃ ውስጥ ይበሰብስና ጎረቤቱን ያበላሻል። የተሰበረና የተፈነከተም እንደዚያው ነው። ለወጥ ቢሆን ግድ የለም፣ ለማብቀል ግን ድፍንና ሙሉ ፍሬ ያስፈልጋል።

አሁን ደግሞ አደገኛዎቹ። ስንዴና ገብስ ውስጥ እንክርዳድ ይኖራል። እንክርዳድ እንደሚያሰክር የገጠር ሰው ሁሉ ያውቃል። ራስ ያዞራል፣ ዓይን ያደበዝዛል፣ ያስመልሳል። ወፍጮ ቤት ገብቶ ዱቄት ሲሆን አይታይም፤ እናንተ ግን ፍሬውን እያያችሁ ስለምትለቅሙ ዕድሉ አላችሁ። ከስንዴ ይቀጥናል፣ ያንሳል፣ ቀለሙም ደብዘዝ ይላል።

ገብስ ውስጥ ደግሞ ሲናር (የዱር አጃ) ካለ ተጠንቀቁ። ሲናር ላይ የሚወጣ ኤርጎት የሚባል ፈንገስ አለ። ጠቆር ያለ፣ የአይጥ ኩስ የሚመስል ረዘም ያለ ቅንጣት ነው። በ1978 እ.ኤ.አ. ወሎ ውስጥ ብዙ ሰው የታመመው በዚህ የተበከለ እህል በልቶ ነው። የደም ሥር ስለሚያጠብ ጣትና እግር እስከ ማድረቅ ይደርሳል። እንዲህ ዓይነት ቅንጣት ካያችሁ ያንን ገብስ ለቅሜ ልጠቀምበት አትበሉ። ሙሉውን ተዉት።

ሽምብራና አተር ስትገዙ ጓያ ተቀላቅሎበት እንደሆነ እዩ። ሽምብራ ክብ ነው፣ አንድ ወገኑ ላይ ሾል ያለ አፍንጫ አለው። ጓያ ጠፍጠፍ ብሎ ማዕዘን ያወጣል። ለይቶ ለመልቀም የቀን ብርሃንና ሰፌድ ይበቃል።

እንደሚበቅል ሳልገዛ በፊት ማወቅ እችላለሁ?

ከነጋዴው አንድ እፍኝ ለናሙና ውሰዱ። ብዙዎቹ ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ፣ ኩንታል የምትገዙ ከመሰላቸውማ ይመርቁላችኋል። ቤት ገብታችሁ 20 ፍሬ ቁጠሩ። በረጠበ ሶፍት ጠቅልላችሁ ሰሃን ላይ አድርጉ፣ እንዳይደርቅ ፌስታል ልበሱት። በሦስተኛው ቀን ግለጡት። 18ና ከዚያ በላይ ከበቀለ ግዙ። 15 ከሆነ ያልበቀለው መበስበሱ ስለማይቀር ብዙ መልቀም ይጠብቃችኋል። ከዚያ በታች ከሆነ እህሉ ለንፍሮ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ገና የታጨደ ገብስ አንዳንዴ አልበቅልም ይላል። እህሉ ሞቶ አይደለም፣ እንቅልፍ ላይ ሆኖ ነው። ጥቂት ሳምንት ደረቅ ቦታ አቆይታችሁ እንደገና ሞክሩት።

ለዘር የተዘጋጀ ምርጥ ዘር ብገዛስ? እሱ የበለጠ አይበቅልም?

ይበቅላል። ግን አይበላም። ምርጥ ዘር ብዙ ጊዜ በፀረ ፈንገስና በፀረ ተባይ ኬሚካል የታሸ ነው። ሮዝ፣ ቀይ ወይም አረንጓዴ ቀለም የሚቀቡትም ሰው በስህተት እንዳይበላው ነው። ደጋግሞ ማጠብ አያድነውም። ቀለሙ በውሃ ቢለቅ እንኳ ኬሚካሉ ለቀቀ ማለት አይደለም። ቀለም ያለበት ዘር ጨርሶ ወደ ማዕድ ቤት አይግባ።

ነቀዝ እንዳይበላው ኪኒን የተደረገበት እህልስ?

ይህ ጥያቄ ሊናቅ አይገባም። የእህል ኪኒን የሚባለው ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። ጋዙ ነቀዙን ይገድላል። ደረቁን እህል ግን ብዙም ስለማይጎዳው እህሉ ከዚያ በኋላም ይበቅላል። ስለዚህ «በቅሏልና ንጹሕ ነው» ማለት አይቻልም። እህሉ በደንብ ተናፍሶ ጋዙ መውጣት አለበት። ጆንያው ውስጥ ግራጫ አመድ የመሰለ የኪኒን ትራፊ ካገኛችሁ ለጥሬ ምግብ አትውሰዱት። ሌላም ልበል፦ ኪኒን ያለበት እህል በሚቀመጥበት ክፍል ሰው አይተኛ። በዚህ ጋዝ ቤተሰብ ያልቃል።

መፍትሔው ጊዜውን መምረጥ ነው። ኪኒኑ የሚገባው እህሉ እየከረመ ሲሄድ ነው። አውድማ በተነሳ ሰሞን፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ አዲሱን እህል መድኃኒት ሳይነካው ግዙ። ገጠር ዘመድ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ የተሻለ ዕድል የለውም።

ገዝታችሁ ስታበቁ ነቀዙን ራሳችሁ መከላከል ትችላላችሁ። በኪሎ በኪሎ ቋጥራችሁ ለአንድ ሳምንት ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጡት። ነቀዙም እንቁላሉም ያልቃል። ደረቅ እህል ስለሆነ መብቀሉን አያጣም። ከዚያ አየር በማያስገባ ጄሪካን ወይም ጠርሙስ ክደኑት።

ክክ፣ ቂንጬ፣ ፍትግ ገብስ፣ የታሸገ አጃ ይበቅላል?

አይበቅልም። ክክ የተሰነጠቀ ነው። የተፈተገ ገብስ ልባሱ ሲነሳ ብዙ ጊዜ እንቡጡም አብሮ ይጎዳል። በየሱፐርማርኬቱ ያለው ጠፍጣፋ አጃ በእንፋሎት ተቀቅሎ የተዳመጠ ነው። ቆሎውንማ አታንሱት።

ውጭ አገር ነው የምኖረው፤ ከየት ልግዛ?

አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ከሐበሻ ሱቅ ቀጥሎ ሕንድ ሱቅ ግቡ። ዕቃው ቶሎ ቶሎ ስለሚሸጥ እህሉ ብዙ አይከርምም። ቀዩ «መሱር ዳል» ልባሱ የወጣ ስለሆነ አይሆናችሁም። ቡናማውን ድፍን መሱር ጠይቁ። የእኛን ትንሽና ጠቆር ያለ ሽምብራ የሚመስለው ደግሞ «ካላ ቻና» የሚሉት ነው። ማሾ «ሙንግ» ይባላል። እስራኤልና ዓረብ አገር ያላችሁ «ማሽ» ብትሉ ይገባቸዋል።

ስንዴ በእንግሊዝኛ «ዊት ቤሪስ» በሚል ስም ይሸጣል። ገብስ «ፐርል» የሚል ከተጻፈበት የተፈተገ ነው፣ ተዉት። ማሸጊያው ላይ ለማብቀል እንደተዘጋጀ የተጻፈበት ዘር ካገኛችሁ፣ ብዙ ጊዜ ለባክቴሪያ የተመረመረ ስለሆነ ዋጋው ቢወደድም እሱን እመርጣለሁ። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል ብቻውን እህሉ ይበቅላል ማለት አይደለም። የ20 ፍሬውን ሙከራ እዚያም አትተዉ።

እሺ፣ አበቃቀሉን ንገሪን።

አንድ የቡና ስኒ ወይም ግማሽ የሻይ ብርጭቆ ምስር ይበቃል። ሲበቅል እጥፍና ከዚያ በላይ ይሆናል፣ ስለዚህ አታብዙት። ለቅማችሁ እጠቡት። ውሃ ላይ የተንሳፈፈውን ድፉት።

አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ አድርጋችሁ ሦስት እጥፍ ውሃ ጨምሩበት። ምስርና ማሾ 8 ሰዓት፣ ስንዴ ከ8 እስከ 12፣ ሽምብራ 12፣ ባቄላ አንድ ሙሉ ቀን ይዘፍዘፍ። ውሃው የተጣራ ወይም ፈልቶ የቀዘቀዘ ይሁን። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር በርሜል ውስጥ የቆየ ውሃ አትጠቀሙ፤ በቆልት ጥሬውን የሚበላ ነገር ነው።

ሰዓቱ ሲደርስ የጠርሙሱን አፍ በንጹሕ ሻሽ ሸፍናችሁ በላስቲክ እሰሩት። ውሃውን ድፉ፣ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፣ እንደገና ድፉ። ከዚያ ጠርሙሱን አፉን ወደ ታች ዘንበል አድርጋችሁ ሳህን ላይ አስደግፉት። ትርፍ ውሃ ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። አብዛኛው በቆልት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። እርጥበት ይፈልጋል፣ የተኛ ውሃ ግን ይገድለዋል። ጠዋትና ማታ፣ ሙቀት ካለ ቀትር ላይም ጨምራችሁ አለቅልቁት።

ጠርሙስ ከሌለ ወንፊት ላይ ዘርግቶ በረጠበ ንጹሕ ጨርቅ መሸፈን ይቻላል። እናቶቻችን በኮባ ቅጠል ጠቅልለው ያበቅሉ የለ?

አዲስ አበባ ላይ አየሩ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ያላችሁ በበጋ ኤሲ ያለበት ክፍል ካላስገባችሁት በአንድ ቀን ይሸታል። ሚኒሶታ ክረምት ላይ ደግሞ አንድ ሁለት ቀን ይዘገያል፣ ታገሡት።

የስንዴ ቡቃያው የፍሬውን ያህል ሲረዝም ይበቃዋል። ያን ጊዜ ስታኝኩት ይጣፍጣል፤ ስታርቹ ወደ ስኳር መለወጥ ጀምሯል። ካለፈ ሣር ሣር ይላል።

ነጭ ፀጉር አወጣ! ሻገተ ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ስንዴና ገብስ ላይ በተለይ ሥሩ ዙሪያውን ጥቃቅን ነጭ ፀጉር ያወጣል። ሥሩ ውሃ የሚስብበት ነው። መለያው ቀላል ነው። ውሃ አፍስሱበት። የሥር ፀጉር ከሆነ ወዲያው ሥሩ ላይ ተለጥፎ ይጠፋል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ይቆማል። ሻጋታ ግን ከአንዱ ፍሬ ወደ ሌላው እንደተዘረጋ ይቀራል፣ ቀለሙ ወደ ግራጫ ያደላል፣ ሽታ አለው። ሻጋታ ከሆነ ያንን ብቻ ለቅማችሁ ሌላውን አትብሉ። ሁሉንም ጣሉት።

ቢበቅልም ጥሬውን የማይበላው የቱ ነው?

ይህን ክፍል እባካችሁ በደንብ አንብቡልኝ።

ቦሎቄ፣ በተለይ ቀዩ፣ ጥሬውን መርዝ ነው። ጥቂት ፍሬ እንኳ በሰዓታት ውስጥ ያስመልሳል፣ ያስቀምጣል። ማብቀል አያጠፋለትም። ተዘፍዝፎ፣ የተዘፈዘፈበት ውሃ ተደፍቶ፣ በደንብ ተንተክትኮ መቀቀል አለበት።

ማሽላ ሲበቅል ቡቃያው ውስጥ ሳያናይድ የተባለውን መርዝ የሚያመነጭ ንጥረ ነገር ይበዛል። «ማሽላ ብቅል አባቶቻችን ሲጠቀሙበት ኖረው የለ?» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ ግን አድርቀው፣ ፈጭተው፣ አብስለውና አብላልተው ነው እንጂ ለምለሙን ቡቃያ ሰላጣ ላይ ነስንሰው አይደለም።

ጓያ እግር ያሽመደምዳል። ጎጃምና ጎንደር ውስጥ በድርቅ ዘመን ጓያ ብቻ የበሉ ብዙ ሰዎች ሽባ ሆነው ቀርተዋል። መዘፍዘፍና መቀቀል መርዙን ይቀንሳል እንጂ አያጠፋም። ለጥሬ ምግብ አይታሰብም።

አኩሪ አተር ጥሬውን ፕሮቲን እንዳይፈጭ የሚያግድ ነገር አለው። በቆልቱን አዘውትረው የሚበሉት ኮሪያዎችም ቀቀል አድርገው ነው።

ባቄላ መሐል ላይ ነው። እሸቱን በልተን ነው ያደግነው፣ በቆልቱም የጾም ምግባችን ነው። ግን «ጂ-ስድስት-ፒዲ» የሚባል ኢንዛይም በደማቸው የሚያንሳቸው ሰዎች ባቄላ ሲበሉ ቀይ የደም ሴላቸው ይፈርሳል። ዓይን ቢጫ ይሆናል፣ ሽንት ይጠቁራል። በቤተሰባችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ ባቄላ በቅሎም ሆነ በስሎ አይቅረብለት። ለሌሎቻችንም በቆልቱን በፈላ ውሃ ቀቀል ማድረግ ለሆድ ይሻላል።

ለጠላ የሚሆነው ብቅልና ይህ አንድ ነው?

አጀማመሩ አንድ ነው። ገብሱ ይነከራል፣ ይጠቀለላል፣ ይበቅላል። ብቅል ግን ታፍኖ እንዲሞቅ ይደረጋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ደርቆ ይፈጫል። የጥሬ ምግብ በቆልት አይታፈንም፣ አየር ይፈልጋል። ከገበያ የተገዛ ብቅል ውሃ ነክሮ መብላትም አይሆንም። ለዚያ አልተዘጋጀም፣ ንጽሕናውም ለዚያ አልታሰበም።

ጤፍስ ይበቅላል?

ይበቅላል። ግን ፍሬው ደቃቅ ስለሆነ ከሻሹ ያልፋል፣ ይጣበቃል፣ ማለቅለቁም አይመችም። ድካሙን ለምስር አውሉት።

ግሉተን የማይስማማው ሰው የበቀለ ስንዴ መብላት ይችላል?

አይችልም። ማብቀል ግሉተንን አያጠፋም። ገብስም እንደዚያው። ምስርና ማሾ ግን ከስንዴ ጋር ያልተቀላቀሉ ከሆነ ይስማሙታል።

ጥሬ በቆልት ሊያሳምም ይችላል ይባላል፤ እውነት ነው?

እውነት ነው፣ መደበቅም የለበትም። ሙቀትና እርጥበት ፍሬውን እንደሚያነቃው ሁሉ ባክቴሪያንም ያባዛል። በ2011 እ.ኤ.አ. ጀርመን ውስጥ ኢ. ኮላይ በተባለ ባክቴሪያ ከ3,800 በላይ ሰዎች ታመሙ፣ ከ50 በላይ ሞቱ። ምንጩ ሲፈለግ ከግብፅ በመጣ ዘር የበቀለ አብሽ ላይ ተደረሰ። አብሽ እኛ ቤት የማይጠፋ ነገር ስለሆነ ነው ይህን የማነሳው። አብሽ ክፉ ሆኖ አይደለም። ባክቴሪያው ከእርሻው ወይም ከመጋዘኑ ዘሩ ላይ ተቀምጦ ይመጣና ጠርሙሱ ውስጥ ይባዛል። የዘሩ ስንጥቅ ውስጥ ከገባ ውሃ አያወጣውም። ሎሚና ኮምጣጤም ሙሉ በሙሉ አያጠፉትም።

ስለዚህ ነፍሰ ጡሮች፣ ትንንሽ ልጆች፣ አረጋውያንና የበሽታ መከላከል አቅማቸው የደከመ ሰዎች ጥሬውን ባይበሉ ይመረጣል። እነሱ እስኪበስል ተቀቅሎ ይብሉት። ጤነኞቹም እጃችሁን ታጠቡ፣ ጠርሙሱን በፈላ ውሃ አለቅልቁ፣ ጥሬ ሥጋ የተከተፈበት ጣውላ አጠገብ አታስቀምጡት።

በቅሎልኛል፤ ምን ልሥራበት?

እኔ የምወደው ቀላሉን ነው። የበቀለ ምስር ላይ ቀይ ሽንኩርት፣ ቃሪያና ቲማቲም በደቃቁ ክተፉ፣ ሎሚ ጭመቁ፣ ዘይትና ጨው ጠብ አድርጉ። አሥር ደቂቃ ይቆይና ይበላ። በእንጀራም ይሄዳል።

ማሾ ከካሮትና ከጎመን ጋር ይስማማል። የበቀለ ሽምብራ ደግሞ በነጭ ሽንኩርት፣ በሎሚና በሰሊጥ በጁስ መፍጫ ፍጩት፤ ዳቦ ላይ የሚቀባ ይወጣዋል። ጥሬ ሽምብራ ሆድ ይነፋልና መጀመሪያ በትንሹ።

ስንዴው ላይ ትንሽ ልቆይ። በቅሎ የጣፈጠውን ስንዴ ውሃ ሳትጨምሩ በሥጋ መፍጫ አሳልፉት። የሚያጣብቅ ሊጥ ይሆናል። ከፈለጋችሁ ቴምርና ጥቁር አዝሙድ ጨምሩበት። በጣም ስስ አድርጋችሁ ትሪ ላይ ዳምጡት፣ ዝንብ እንዳያርፍበት ሻሽ አልብሱትና ፀሐይ ላይ አውጡት። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ፀሐይ በአንድ ቀን ያደርቀዋል፣ ቀትር ላይ ገልብጡት። ማታ ካልደረቀ እርጥቡን አታሳድሩት፣ ምጣድ ላይ ጨርሱት። ክረምት ላይ ፀሐዩን አትመኑ። ኦቭን ያላችሁ በመጨረሻው ዝቅተኛ ሙቀት፣ በሩን ገርበብ አድርጋችሁ አድርቁት። ጥሬ ምግብ አጥብቀው የሚይዙ ሰዎች ከ45 ዲግሪ አካባቢ በላይ እንዲሞቅ አይፈልጉም፣ ስለዚህ ቴርሞሜትር ይረዳል።

ስንት ቀን ይቆያል?

ፍሪጅ ውስጥ ከሦስት እስከ አምስት ቀን። ከማስገባታችሁ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ አለቅልቁና ጥቂት ሰዓት አጠንፍፉት። እርጥቡን ከከተታችሁት ይሙለጨለጫል። ዕቃው ታች ሶፍት አንጥፉለት። መብራት ከግማሽ ቀን በላይ ከጠፋባችሁ ጥሬውን መብላቱን ተዉትና እስኪበስል ቀቅሉት። ሲነካ የሚሙለጨለጭ ወይም የሚሸት ከሆነ ግን መቀቀሉም አያስፈልግም፣ ይጣል።

እንዲህ እንዳይሆን እኔ ሁለት ትንንሽ ጠርሙስ እጠቀማለሁ። አንዱ ሲደርስ ሌላውን እዘፈዝፋለሁ።